ስምንት ደቂቃ ጊታርና አንድ መርዶ

ጥቅምት 8፣ 2001፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

የሙዚቃ ማጫወቻውን መርፌ እፍ አልኩበት፣ ሸክላውን በሹራቤ እጅጌ ጠረግሁት፣ ለቀቅሁት። መብራት አልጠፋም። ተመስገን።

ደብተሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት። ደ/ማርቆስ ተመልሼ ሟች እህቴ ትርንጎ በተወችልኝ ቤት ከገባሁ ዓመት ከመንፈቅ። ቅዳሜ 9 ሰዓት ሲል ግን እግሬ ራሱ ወደዚህ ወንበር ያመጣኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ሰዓት አ.አ. የሬዲዮ ማይክራፎን ፊት ነበርኩ። የአድማጮች ምርጫ፣ የውጭ ሙዚቃ። ደብዳቤ አነባለሁ፣ ስም እጠራለሁ፣ አድራሻ እጠራለሁ፣ ዘፈን እለቃለሁ። አሁን አድማጬ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺም አንድ ቀን ደብዳቤ ጽፈሽልኝ አታውቂም።

የዛሬው ሮክ ነው። ጊታሩ የሚያለቅስ፣ ድራሙ ግድግዳ የሚነቀንቅ። ሽፋኑ ላይ አራቱም የባንዱ ልጆች ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ ተዘናፍሏል። ሃያ ሦስት ዓመታቸው ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት። እኔ ስድሳ አራት ሞላኝ። ያኔ ከነሱ የማያንስ አፍሮ ነበረኝ፤ አሁን ራሴን በፎጣ ወልውዬ እወጣለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ጉልበቱን በብረት አስቀየረ ሲባል ሰማሁና ክፉኛ ደስ አለኝ። ብቻዬን አይደለሁም ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ሦስተኛው ዘፈን ሲገባ የድራሙ የናስ ሳህን ቀድሞ ሽሽሽ ይላል። ዛሬ አላለም። መርፌው ነው ብዬ ቀየርኩት። ያው ነው። መርፌው አይደለም መሰለኝ።

ከመደርደሪያው ታች፣ በጋዜጣ የተጠቀለለው ሸክላ እንደተጠቀለለ አለ። እሱን አልነካም።

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ሆስፒታል ዋልኩ። ባለ ባጃጁ የት ልውሰድዎ ሲለኝ ሦስቴ አስደገምኩት። ተበሳጨ። እኔም ተበሳጨሁ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሑት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ደፋችልኝ። ማዳመጫ! ሃያ ሁለት ዓመት ደፍቼው የኖርኩትን። ድምፅ ስሰማ እጄን እንዳነሳ ነገረችኝ። ወፍራሙን ሰማሁ። መካከለኛውን ሰማሁ። ከዚያ ዝም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፣ እሷ ታየኛለች። ለካ እየጮኸ ነው።

ቀጫጭኑ ድምፅ ከሁለቱም ጆሮዬ ሄዷል አለች። አይመለስም። ግራው ውስጥ ቀን ከሌት ስለሚጮኸው ነገርም ጠየቅኋት። ጆሮ የሚሰማው ሲያጣ ከራሱ ያወጣል አለች። ብቻውን የሚኖር ሰው ከራሱ ጋር ማውራት እንደሚጀምረው።

እኔ ግን ጩኸቱን አውቀዋለሁ፣ ደብተሬ። ለሷ አልነገርኳትም። ጊታር ነው። የአንድ ዘፈን የመጨረሻ ድምፅ፣ ጊታረኛው ጣቱን ሳያነሳ አንጠልጥሎ የሚያቆየው። በጋዜጣ የተጠቀለለው ሸክላ ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ፣ ረፋድ

ከአጥሩ ማዶ ፉጨት ሰማሁ። ያው ዘፈን። በነጠላ ጫማ ሮጬ ወጣሁ። ማንም የለም። እማሆይ አትጠገብ ብቻ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ውርጭ አድሯል፤ የጮቄ ተራራ ብርድ እዚህ ድረስ ይወርዳል።

እማሆይ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ቆብ ከደፉ አሥር ዓመት። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። እግሬን ሰምተው ጠሩኝ። ማን ነው ያፏጨው አልኳቸው። ማንም አላፏጨም አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። ከዚያ ስለ ጆሮዬ ጠየቁኝ፣ አዘኑልኝ፣ ጠበል ሞክር አሉኝ።

ደግ ሴት ናቸው። የምሸሻቸውም ለዚህ ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው። ስሙን ሙሉውን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ አለኝ፤ ይ. ይሁን። ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ፣ አልተመለሰም። ከቀረ ሃያ አምስት ዓመት ሆነው። እሳቸው ዛሬም ይጠብቁታል። እኔ ደግሞ መሞቱን አውቃለሁ።

ይኸው። ጻፍኩት።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ወንበሩ ላይ ነኝ። ሸክላ አላስቀመጥኩም። ዛሬ ያንን ቅዳሜ ልንገርሽ።

ወጉ እንዲህ ነበር። ደብዳቤዎቹን ዓርብ ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነባለሁ፣ በቀይ አሰምርባቸዋለሁ፣ ቅዳሜ ይዤ እገባለሁ። በዚያ ሳምንት ዓርብ አሞኝ ቀረሁ። ቅዳሜ ስገባ ደብዳቤው እንደተከመረ ጠበቀኝ። እያገላበጥኩ፣ እየመረጥኩ፣ በቀጥታ አነባለሁ። አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ አንድ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት አነሳሁ። ዓይኔ ቀድሞ ያረፈው የዘፈኑ ስም ላይ ነው።

ያ ዘፈን! ስምንት ደቂቃ፣ ግማሹ ያለ ቃል፣ ጊታር ብቻ። አለቃዬ ከሦስት ደቂቃ በላይ አይሄድም ብሎ ሁሌ ያስቆርጠኝ ነበር። ደብዳቤው ግን እባክህ ሳትቆርጥ እስከ መጨረሻው ይላል። ምክንያት አገኘሁ። ደብዳቤውን የመረጥኩት በዘፈኑ ነው፣ ደብተሬ። ሌላውን አላየሁም።

ዘፈኑ የተመረጠለት ሰው ስም ይቀድማል፣ ከዚያ አድራሻ፣ ከዚያ መልእክት። በዚያ ሁሉም በሚያደንቀው ድምፄ የይ.ን ስም ከነአባቱ ጠራሁ። ደ/ማርቆስ፣ አብማ ማርያም ሰፈር አልኩ። ቀጠልኩ። «ከአጠገቤ ተመትቶ በእጄ ለቀበርኩት ጓደኛዬ መታሰቢያ።» እዚያ ላይ ቆምኩ። ግን ወጥቷል። አየር ላይ የወጣ ነገር አይመለስም።

ፊቱ የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ይ. የአጥር ጎረቤታችን ልጅ! አሥረኛ ክፍል ሳለ እኔ ለዓመት ፈቃድ ትንሿን ባለ ባትሪ ማጫወቻ ይዤ መጣሁ። አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሲሰማ አየሁት። ግባ አልኩት። ይህንኑ ዘፈን አራት ጊዜ አስደገመኝና እያፏጨ ሄደ። ዘፈኑን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሱ ግንባር ድረስ ይዞት ሄደ፤ ለጓደኛው ሰጠው።

ሌላ ምን ላድርግ፣ ሸክላውን ለቀቅሁ።

እዚህ ደግሞ፣ በዚህች ቤት፣ ትርንጎ እንደ ልማዷ ወንድሜ ነው የሚናገረው ብላ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፍታዋለች። የይ. እናት ከግድግዳው ሥር፣ አሁን ሸክላዎቼን የደረደርኩበት መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ወታደሮች አንዳንዴ በኔ ዝግጅት ሰላምታ ይልኩ ነበር። እናቱ ሰላምታ ሊሰሙ ነው የመጡት።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ የንስሐ አባት ይመጣሉ፣ እናትን የሚደግፉ ሴቶች ደጅ ላይ ይቆማሉ። ከዚያ ነው የሚረዳው። እኔ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ በቄንጠኛ ድምፅ አረዳኋቸው። ከዚያ ስምንት ደቂቃ ጊታር ለቀቅሁባቸው።

እዚህ ላይ ይብቃኝ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

እንቅልፍ አልነበረም። ልጨርሰው።

በሥራ ቦታ ተግሣጽ ተሰጠኝ፤ ሦስት ሳምንት ከማይክራፎን ታገድኩ። ደብዳቤውን ማንም አልጠየቀኝም። ሸክላው ሽፋን ውስጥ ከተትኩት፣ በጋዜጣ ጠቀለልኩት።

ትርንጎ ጻፈችልኝ። ሴትዮዋ መደቡ ላይ ወደቁ። ቤት ውስጥ ዘመድ የለ፣ ቄስ የለ፣ ትርንጎና አንዲት ጎረቤት ብቻ። የሚሉት ቢጠፋቸው፣ ሬዲዮው ተሳስቷል፣ የስም ሞክሼ ነው አሏቸው። ለሁለት ሦስት ቀን ብለው ነው። የባላቸው ወንድም ከደብረ ኤልያስ መጥተው በወጉ እስኪያረዱ። ሰውዬው መጡ። ቀበሌ ሄደው ጠየቁ። እኛ ዘንድ የደረሰ ነገር የለም፣ ሳይደርስ ድንኳን አይተከልም ተባሉ። እስኪደርስ ይጠበቅ ተባለ። አልደረሰም። ሰውዬው ራሳቸው አረፉ። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ይጀምረው?

በዚያው ዓመት ለፋሲካ መጣሁ። እማሆይ፣ ያኔ ወ/ሮ አትጠገብ፣ መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው አልተቀመጡም። እውነት የኔ ልጅ ነው ወይ አሉኝ። ትርንጎ ከኋላቸው ሆና ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም ስም ተመሳስሎብኝ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሙያዬ ጎበዝ ነበርኩ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ መረቁኝ።

በሬዲዮ ያልኩት እውነት ነበር። በቤቴ ያልኩት ውሸት። ያመኑት ውሸቱን ነው።

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ማርያም ናት ዛሬ። እማሆይ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በኔ በር አለፉ። ምርኩዛቸውን ሰማሁ፤ እሱን እንኳ እሰማለሁ፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ገቡ። መደቡን በእጃቸው ዳበሱት፣ ሸክላዎቹን ገፋ አድርገው ተቀመጡ። እዚያው ቦታ።

«ፈንታሁን፣» አሉኝ፣ «አንድ ነገር እያወጣሁ እያወረድሁ ነው የመጣሁ። የሙቶቼን ስም ለቄስ ምናለ ሰጥቻለሁ፣ እኔም ሳልፍ አብረው እንዲያስቧቸው። ባሌ አለ፣ እናቴ አለች። የልጄን ስም ከየት ላግባው? ከሙታን ላግባው ስል፣ በሕይወት ቢኖርስ እላለሁ። ከሕያዋን ልተወው ስል፣ ይኸን ሁሉ ዘመን ፍትሐት ሳይደረግለት ቀርቶ ቢሆንስ እላለሁ።»

ምርኩዛቸውን መደቡ ላይ አስደገፍኩላቸው።

«ያኔ ያልከኝን አሁንም ትለኛለህ? ዓይኔ እንደሁ ጠፍቷል። እኔ የማምነው ድምፅህን ነው።»

አየር ላይ ሦስት ሰከንድ ዝም ብዬ የማላውቅ ሰውዬ! መጥቼ እነግርዎታለሁ አልኩ በመጨረሻ። እሺ አሉ፣ ግን አትዘግይ፣ እኔም አልቆይ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

ፈራሁ። እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጋዜጣውን ፈታሁ። ቢጫ ሆኗል፣ ሲነኩት ይሰበራል። ሽፋኑ ሳይደበዝዝ አለ። ደብዳቤውም አለ።

ከፊት ያለውን ነግሬሻለሁ። ጀርባውን ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለትርንጎም።

ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር መኖሩን ያየሁት ያን ቀን ጊታሩ እየተጫወተ ሳለ ነው። ወረቀቱ ከእጄ ሊወድቅ ሲል ተገለበጠ። ደብዳቤውን የላከው ጓደኛው በእርሳስ እንዲህ ይላል። ዋርካ ሥር ቀብሬዋለሁ፣ መስቀል አድርጌበታለሁ። ከንፈሩ እስኪደርቅ ይህን ዘፈን ያፏጭ ነበር። የአገሩ ልጅ መሆንህን፣ በአጥር እንደምትገናኙ ነግሮኛል። ስሙን ግን በሬዲዮ አትጥራው፣ እናቱ አልተረዱም። ለአንድ ጓደኛ ብለህ ዘፈኑን ብቻ ልቀቅልኝ። ለእናቱ ደግሞ በወጉ እንዲነገራቸው አንተ አድርግ፤ ሌላ የምልከው ሰው የለኝም።

በወጉ እንዲነገራቸው አንተ አድርግ። የላከው እኔን ነው። ሃያ አምስት ዓመት ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ይህንን ነው። አፍራለሁ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

ሸክላውን ለቀቅሁት። እስከ መጨረሻው። ድራሙን ሰማሁ፣ ቤዝ ጊታሩን ደረቴ ላይ ሰማሁ። ጊታሩ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፣ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ጠፋኝ። ወጥቶ ሄደ፣ እኔ ታች ቀረሁ። በልቤ ሞላሁት፤ ድሮ ስንቴ ሰምቼዋለሁና አይጠፋኝም። የመጨረሻው ድምፅ መጣ። ቆየ። በጣም ቆየ። ቀና ስል መርፌው ካበቃ ቆይቷል፣ ሸክላው ባዶውን ይዞራል።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ልሸሽ ነበር፣ ደብተሬ። አንቺን አልዋሽም።

ለጆሮዬ የተሻለ ሐኪም አ.አ. አለ ብዬ ጧት መናኸሪያ ወረድኩ። ለእማሆይ አልነገርኩም። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ጥግ ያዝኩ። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፈተ። አንድ ወጣት የመልካም ምኞት መግለጫ ያነባል። ስም፣ አድራሻ፣ መልእክት። ስም፣ አድራሻ፣ መልእክት። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ትንሽ ይቸኩላል። አንተ ልጅ፣ ጀርባውን አየኸው ወይ አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ ያለችው ሴት ቦርሳዋን ሰበሰበች።

ወረድኩ። በእግሬ ቤቴ ገባሁ። ጉልበቴ ያመኛል።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ቄስ ምናለ ዘንድ ሄድኩ። የእማሆይ የንስሐ አባት ናቸው። ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ ደጀ ሰላሙ ጥግ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ጀርባውን አስቀድመው። ቁጣ ጠበቅሁ። ቁጣው ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሳምንት በመጣ በሄደ ቁጥር፣ በሕይወት ካለ መልስልኝ ብለው ያስጸልዩኛል፣» አሉ። «እኔም እጸልያለሁ። ምን ላድርግ?» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ።

እርስዎ ያርዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ለኔ አይደለም የተጻፈው። አንተ ታረዳለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ከዚያ እንዴት እንደሆነ አስተማሩኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። በስም አትጀምር አሉኝ። ያጠፋኸው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰው ይቀመጣል። ከዚያ የት እንደነበረ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ እንዴት እንደኖረ ይነገራል። ነገሩ ቀስ እያለ ይቀርባል፣ ልብ ራሱ ይቀድምሃል። ስም በመጨረሻ ነው። ከዚያ አፍህን ዝጋ፣ ጩኸቱ የሳቸው ነው።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተባለ። የባላቸው ወንድም ልጅ ከደብረ ኤልያስ ሰኞ ይገባል። ሴቶቹን ቄስ ምናለ ያስጠነቅቃሉ።

ኅዳር 1፣ ሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

የዕድሩ ድንኳን ተጠቅልሎ እኔ ጓዳ ውስጥ ነው። ከነካስማው። ከእማሆይ የተደበቀ ነው። ማየት እንደማይችሉ ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሁሉም ይደብቃል።

አጥሩ ጋ ጠሩኝ። ድፎ ጋግረው ቁራሽ ይዘውልኛል። ማሽንህ ታመመ ወይ አሉኝ፣ ቅዳሜ ጩኸትህን ሳልሰማ ዋልሁ። ደህና ነው አልኩ። ሣቅ አሉ። «እኔስ አልወደውም። በሬ የሚታረድ ነው የሚመስለኝ። ግን ልጄ ይወደው ነበረና እየቆየሁ እሰማዋለሁ።»

ዳቦውን ተቀበልኩ። አልተናገርኩም። ወጉ እስከ ነገ ዝም በል ይላል። ስንት ዓመት ያለ ወግ ዝም ብዬ፣ ዛሬ በወግ ዝም ስል ምላሴን ነክሼ ነው።

ስለ መልሱ አልጠየቁኝም። ከዓርቡ ወዲህ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እየጠበቁኝ ነው። ዳቦው ትኩስ ነው፣ ልበላው አልቻልኩም።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

መብራት የለም። በሻማ ነው የምጽፍልሽ። ጋቢዬን ለብሻለሁ። ደብዳቤው ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ሸክላውን መልሼ አልጠቀለልኩትም፤ ከሌሎቹ ጋር ተደርድሯል።

ድምፄን ሞከርኩት። ተሰነጣጥቋል። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ ቄንጡ የለም። ይሻላል።

ግራ ጆሮዬ ይጮኻል። ይጩህ።

ልድገመው። ይቀመጡ። ሰሜን። ጓደኛው። ፉጨቱ። ዋርካው፣ መስቀሉ። ያታለልኩዎት እኔ ነኝ። ስሙ። ከዚያ ዝም።

ከአጥሩ ማዶ መዝጊያ ተከፈተ። እማሆይ ለጸሎት ተነስተዋል። በሕይወት ካለ መልስልኝ እያሉ ይሆናል፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ሰዎቹ መንገድ ዳር ተሰብስበዋል፤ ጋቢ በጋቢ ሆነው በመስኮት ይታዩኛል።

ስሙን አንድ ጊዜ እዚህ ልጻፈው። እጄ ከቻለው አፌም ይችለዋል።

ይበልጣል አላምረው።

በሩ ተንኳኳ። ቄስ ምናለ ናቸው። መጣሁ አልኳቸው። መጀመሪያዋን ቃል ደግሜ ልውጣ፦ እማሆይ፣ ይቀመጡ